ካሜራ ስንገዛ ማንን እንመን? የገምጋሚውን ነጥብ ወይስ የራሳችንን ሙከራ?



ኒካህ ሲታሰር ወሊዩ «ድሬሃለሁ» ካለበት ሙሽራው «ተቀብያለሁ» እስከሚልበት ያለው ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ምሳው፣ መንዙማው፣ የዘመድ አዝማዱ ፎቶ ሰዓታት ይወስዳል፤ ያቺ ደቂቃ ግን አንዴ ካለፈች አለፈች። ካሜራው በዚያች ቅጽበት ፎከስ ቢስት፣ ባትሪው ቢያልቅ ወይም ካርዱ ቢበላሽ «እስቲ አንዴ ድገሙልን» አይባልም።

ዛሬ ብዙ የመስጂድ ጀማዓዎች የሚዲያ ክፍል አላቸው። ወጣቶች ከኪሳቸው አዋጥተው፣ ነጋዴ አስተባብረው፣ ውጭ አገር ያሉ ወንድምና እህቶችን ጠይቀው ካሜራ ይገዛሉ። ደርስ ይቀርጹበታል፤ የመድረሳ ምረቃ ያነሱበታል። ሌሎች ደግሞ በሙያው ራሳቸውን ለመቻል ያጠራቀሙትን ሁሉ አንድ ካሜራ ላይ ያውላሉ። በሁለቱም መንገድ ገንዘቡ አማና ነው፤ አንዱ የጀማዓ፣ ሌላው የቤተሰብ።

ታዲያ «የትኛውን እንግዛ?» የሚል ጥያቄ ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናደርገው አንድ ነው። ስልካችንን ከፍተን የሞዴሉን ስም እንጽፋለን፣ ሁለት ሦስት ቪዲዮ እናያለን፣ «ከ100 ይህን ያህል አገኘ» የሚለውን አንብበን እንወስናለን። ግምገማ ማንበብ ጥሩ ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ካሜራ ለመምረጥ መልስ የሚፈልጉት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ይህ ሞዴል ምን ይችላል? ሁለተኛ፣ የሚችለው ነገር ለእኛ ሥራ የሚያስፈልገው ነው? ሦስተኛ፣ አሁን እጃችን ላይ ያለው ይህ አንዱ ካሜራ ጤነኛ ነው? ግምገማ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የምናውቀው ራሳችን ሞክረን ብቻ ነው።

ይህን በተጨባጭ ለማየት ኒኮን ዲ750 የተባለውን ካሜራ እንውሰድ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያገለገለ ካሜራ ለምን በዛ?

ዲ750 ዲኤስኤልአር ከሚባሉት ካሜራዎች ወገን ነው። በእነዚህ ካሜራዎች ውስጥ ከሌንሱ ኋላ ትንሽ መስታወት አለ። መስታወቱ ብርሃኑን ወደ ላይ አንጸባርቆ ወደ ዓይናችን ያደርሰዋል። ቁልፉን ስንጫን መስታወቱ ይነሳል፣ መዝጊያው (ሹተሩ) ይከፈታል፣ ብርሃኑም ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ የእነዚህ ሁለቱ እንቅስቃሴ ነው።

ኒኮንም ካኖንም በ2018 መስታወት የሌላቸውን ሙሉ ፍሬም ካሜራዎች ማውጣት ጀመሩ፤ ከ2020 በኋላ ትኩረታቸው ሙሉ በሙሉ ወደዚያው ዞረ። ባለሙያዎችም ተከትለው ሲቀይሩ የቀድሞዎቹ ዲኤስኤልአሮች በገፍ ወደ ገበያ ወጡ፤ ዋጋቸውም ወረደ። ለእኛ ይህ መልካም ዕድል ነው። በአንድ ወቅት በቅርቡ እንኳ የማናልፈው ካሜራ ዛሬ በሻንጣ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ መጥቶ በሱቅም በቴሌግራምም ይሸጣል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ገምጋሚው የጻፈው ከካርቶን ስለወጣ አዲስ ካሜራ ነው። እኛ የምንገዛው ደግሞ ስንት ሠርግ የዋለ፣ ስንት ጊዜ የወደቀ እንደሆነ የማናውቀውን ነው። ስማቸው አንድ ቢሆንም ዕቃው አንድ አይደለም።

ግምገማው ምን ይነግረናል?

ዲ750 በሴፕቴምበር 2014 ሲወጣ ገምጋሚዎች በደስታ ነበር የተቀበሉት። 24.3 ሚሊዮን ፒክስል ያለው ሙሉ ፍሬም ሴንሰር፣ 51 የፎከስ ነጥቦች፣ በሰከንድ 6.5 ፎቶ የማንሳት ፍጥነት፣ ሁለት የካርድ ማስገቢያ፣ የሚታጠፍ ስክሪን፣ ዋይፋይ፣ የማይክና የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ አለው። ባትሪና ካርድ ሳይጨመር ክብደቱ 750 ግራም ነው። እነዚህን መረጃዎች ማንም ሻጭ በቃሉ ይዘረዝራቸዋል። ዋናው ቁም ነገር ቁጥሮቹ እንዴት እንደተገኙና ምን እንደማያካትቱ ማወቁ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የዲኤክስኦማርክ ነጥብ ነው። ለዲ750 የተሰጠው 93 ነበር። ይህ ነጥብ የሚለካው ሴንሰሩን ብቻ ነው፤ የቀለም ጥራቱን፣ ደማቁንና ጨለማውን አብሮ የመያዝ አቅሙን፣ በዝቅተኛ ብርሃን የሚሰጠውን የምስል ጥራት። ፎከሱ ፈጣን ይሁን ዘገምተኛ፣ መዝጊያው ይበርክት አይበርክት፣ ሲይዙት ይመች አይመች ነጥቡ ውስጥ የለም። ስለዚህ «93 አግኝቷል» ማለት «ሴንሰሩ ጎበዝ ነው» ማለት እንጂ «ካሜራው 93 ከመቶ ጥሩ ነው» ማለት አይደለም።

የባትሪውንም ቁጥር እንይ። ለዲ750 የተሰጠው በአንድ ሙሌት 1,230 ፎቶ የሚል ነው። ቁጥሩ የተገኘው የጃፓን የካሜራ አምራቾች ማኅበር ባወጣው የሙከራ ሥርዓት ሲሆን ፎቶዎቹ በተወሰነ የጊዜ ክፍተት ይነሳሉ፤ ግማሾቹ በፍላሽ ነው። እኛ ያለ ፍላሽ በተከታታይ ስናነሳ ከዚያ በላይ ሊያስኬደን ይችላል። በስክሪኑ እያየን ቪዲዮ ስንቀርጽ ግን አጠገቡም አንደርስም።

መዝጊያው ደግሞ 150,000 ጊዜ ተከፍቶ እንዲዘጋ ተደርጎ ተፈትኗል ይባላል። ይህ በሕክምናው ዓለም እንደሚባለው አማካይ ዕድሜ የሚታይ እንጂ የሞት ቀን ቀጠሮ አይደለም። ከዚያ ቀድሞ የሚበላሽ አለ፤ እጥፉን የሚሠራም አለ።

ከግምገማ ተጠቃሚ ለመሆን እንግዲህ ጥቂት ልማዶች ይረዱናል። ገምጋሚው ካሜራውን ለስንት ጊዜ እንደተጠቀመበት እንይ፤ ሁለት ሳምንት የያዘውና ሁለት ዓመት የሠራበት እኩል አይናገሩም። ካሜራውን ከየት እንዳገኘው፣ ከጽሑፉ ሥር ባለው የመግዣ ሊንክ ኮሚሽን እንደሚያገኝ እንመርምር፤ ኮሚሽን ማግኘቱ ውሸታም አያደርገውም፣ ግን ማወቁ አይከፋም። ከምስጋናው ይልቅ ቅሬታውን ቀስ ብለን እናንብብ። አንድ ቅሬታ በማይተዋወቁ ብዙ ሰዎች አፍ ከተደጋገመ እዚያ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ከቤተ ሙከራ ያመለጡ ሁለት ታሪኮች

ከዲ750 በፊት ኒኮን በ2012 ዲ600 የተባለ ካሜራ አውጥቶ ነበር። ሴንሰሩ ከዲኤክስኦማርክ 94 አገኘ፤ ከዲ750ም በአንድ ይበልጣል። ካሜራው ሰዎች እጅ ገብቶ ሥራ ሲጀምር ግን ሌላ ነገር ታየ። ፎቶ እየበዛ ሲሄድ ሴንሰሩ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ይጠራቀማሉ፤ በተለይ በምስሉ የላይኛው ግራ ጥግ። ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ሲነሳ ነጠብጣቡ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ተጠቃሚዎች ፎቶዎቻቸውን ጎን ለጎን እያደረጉ ከሌንስ መቀየር የመጣ ተራ አቧራ እንዳልሆነ አሳዩ።

ኩባንያው በ2013 መጀመሪያ ጉዳዩን የሚመለከት ማስታወቂያ አወጣ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ዲ610 የተባለውን ተተኪ አቀረበ። በፌብሩዋሪ 2014 ደግሞ የዋስትና ጊዜያቸው ያለፈባቸውን ጨምሮ ዲ600 ካሜራዎችን መርምሮ፣ አጽድቶ፣ መዝጊያቸውን በነጻ እንደሚቀይር አስታወቀ። 94 ነጥቡ ውሸት አልነበረም፤ ሴንሰሩ በእርግጥ ድንቅ ነበር። ነገር ግን ነጥቡ በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎች ከተነሱ በኋላ የሚመጣውን አልለካም።

ራሱ ዲ750ም ከዚህ አላመለጠም። በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ተጠቃሚዎች አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ። ኃይለኛ ብርሃን ከምስሉ የላይኛው ጠርዝ አጠገብ ሲሆን የብርሃን ጭረቱ ላይኛው በኩል በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ኒኮን ተቀብሎ በ2015 መጀመሪያ የነጻ ጥገና ጀመረ፤ ጥገናው የተደረገላቸው በትራይፖድ ማሰሪያው ቀዳዳ ውስጥ ጥቁር ነጥብ ተደረገባቸው። በዚያው ዓመት ደግሞ በተወሰነ ጊዜ የተመረቱ ካሜራዎች መዝጊያ በትክክል ላይሠራና የምስሉን ከፊል ሊያጨልም እንደሚችል ተገለጸ። የጥሪው ክልል በ2016 እና በ2017 ሰፋ። የትኛው ካሜራ በዚህ ውስጥ እንደሚወድቅ የሚታወቀው ከሥር ባለው መለያ ቁጥር ነው።

ይህን ያነሳነው ኒኮንን ለመክሰስ አይደለም፤ ጥፋቱን አምኖ ጠግኗል። ዲ750ም ከተጠገነ በኋላ ለብዙ ዓመታት የሠርግ አንሺዎች ተወዳጅ ካሜራ ሆኖ ቆይቷል። ለእኛ ትምህርቱ ይህ ነው፤ አዲስ ዕቃ በወጣ ሰሞን የተጻፈ ግምገማ የታሪኩ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ ሰው አንድ ዕድል አለው፤ ታሪኩ እስከ መጨረሻው ተጽፎ ይጠብቀዋል። ማንበብ ብቻ ነው።

የእኛ ሥራ ምን ይጠይቃል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ገምጋሚው በራሱ አገር ብርሃን የራሱን ሥራ ሠርቶ ነው የፈረደው። የእኛ ሥራ የራሱ ጠባይ አለው።

አንደኛው ነጭ ልብስና ጠይም ፊት ነው። ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ጠይም ሙሽራ፣ ከጀርባው መስኮት። የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ስለሚፈልግ ነጩን ሲያይ ምስሉን ያጨልመዋል፤ ፊቱም አብሮ ይጠቁራል። ብርሃኑን ከፍ ስናደርግ ፊቱ ይወጣል፣ ጀለቢያው ግን ይቃጠልና ስፌቱ ይጠፋል። እዚህ ላይ የዲ750 ሴንሰር እውነተኛ ጥቅም ይታያል። በራው ፎርማት ካነሳን የልብሱን ዝርዝር አትርፈን ፊቱን በኋላ ኮምፒውተር ላይ ስናነሳው አሸዋ መሰል ነጠብጣብ ሳይበዛበት ይወጣል። የ93 ነጥቡ ትርጉም በእኛ ቋንቋ ይህ ነው።

ሁለተኛው የአዳራሽ መብራት ነው። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር 50 ኸርዝ ስለሆነ ሸምበቆ መብራቶችና ርካሽ ኤልኢዲዎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ዓይናችን አያየውም፤ ካሜራ ግን ያየዋል። በ1/500 ሰከንድ በተከታታይ ብናነሳ አንዱ ፎቶ ብሩህ፣ ቀጣዩ ጨለምለም ያለ፣ ሌላው ቢጫ ይሆናል። መድኃኒቱ 1/100 ወይም 1/50 ሰከንድ ላይ መሥራት፣ ለቪዲዮም በሰከንድ 25 ፍሬም መምረጥ ነው። ካኖን በ2014 ባወጣው 7ዲ ማርክ 2 ላይ የመብራቱን ርግብግቢት ጠብቆ ፎቶ የሚያነሳ ዘዴ አስገብቷል። ዲ750 ላይ ያለው ግን ለቪዲዮና በስክሪን ለማየት ብቻ የሚያገለግል ነው። ሥራው በአብዛኛው አዳራሽ ውስጥ ለሆነ ሰው ይህ ከሁለት ሦስት ሜጋ ፒክስል ይበልጥበታል።

ሦስተኛው ጸጥታ ነው። ኹጥባ እየተደረገ፣ ሰው አንገቱን ደፍቶ እያዳመጠ፣ በሰከንድ ስድስት ጊዜ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ካሜራ ከሚንበሩ ፊት መቆም አይገባውም። ዲ750 ጸጥታ የሚባል ማንሻ አለው፤ ጣታችንን እስክናነሳ ድረስ መስታወቱ ስለማይመለስ ድምፁ ይከፈላል። ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ከመግዛታችን በፊት ባዶ ክፍል ውስጥ ብንሰማው ጥሩ ነው። በቪዲዮ ግምገማዎች ላይ ጀርባ ላይ ሙዚቃ ስላለ ይህን አንሰማም።

አራተኛው የደርስ ርዝመት ነው። ብዙ ዲኤስኤልአሮች፣ ዲ750ን ጨምሮ፣ ቪዲዮን በአንድ ጊዜ ከ30 ደቂቃ በላይ አይቀርጹም፤ ሰዓቱ ሲሞላ በራሳቸው ያቆማሉ። ይህን ጸሐፊው የተማረው በዋጋ ነው። አንድ ጊዜ በተውሶ ካሜራ የአንድ ሰዓት ደርስ ለመቅረጽ ትራይፖድ ላይ አቁሞ እሱም ከሰዎች ጋር ተቀምጦ ሲያዳምጥ፣ ካሜራው ግማሹ ላይ ቀጥ ብሏል። ጥያቄና መልሱ፣ ሰዉ በጣም የወደደው ክፍል፣ የለም። ገደቡ በካሜራው መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ ያላነበበው ባለቤቱ ነው።

አምስተኛው የቪዲዮ ፎከስ ነው። ዲ750 በዓይን ማያው ሲነሳበት ፎከሱ በደብዛዛ ብርሃን ሳይቀር ይይዛል። ቪዲዮ ላይ ግን መስታወቱ ተነስቶ ስለሚቆይ ያንን ፈጣን የፎከስ ክፍል አይጠቀምም፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያለ ይፈልጋል። ካኖን ግን በ2013 ባወጣው 70ዲ ላይ ፎከስ የሚይዙ ነጥቦችን ሴንሰሩ ውስጥ ራሱ አስቀመጠ። ይህ ካሜራ ሴንሰሩ ትንሽ ነው፤ በሴንሰር ነጥብም ከዲ750 በብዙ ያንሳል። ነገር ግን ወዲያ ወዲህ እያለ የሚያስተምርን ኡስታዝ በቪዲዮ ለመከተል ከዲ750 የተሻለ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ «የቱ ይበልጣል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «ለምን ሥራ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ነው። ዋና ሥራችሁ የኒካህና የዒድ ፎቶ ከሆነ ዲ750፤ ደርስ መቅረጽ ከሆነ ነጥቡ ዝቅ ያለው ሊሻላችሁ ይችላል።

ገንዘቡ ከመቆጠሩ በፊት የሚደረግ ሙከራ

ሦስተኛው ጥያቄ የሚመለሰው ሻጩ ፊት ነው። የራሳችሁን ካርድና ከተቻለ ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

1. ከውጭ ጀምሩ። ብሎኖቹ የተጫሩ ከሆኑ ካሜራው ተከፍቷል ማለት ነው፤ ለምን እንደተከፈተ ጠይቁ። ጥግጉ የተሰባበረ ከሆነ ወድቋል። ሌንሱ ውስጥ የስልክ መብራት አብርታችሁ ተመልከቱ፤ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነውና ተዉት።

2. የተነሳበትን ብዛት እዩ። ኒኮን በእያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ መዝጊያው ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ይጽፋል፤ አንድ ፎቶ አንስታችሁ በኮምፒውተር ማንበብ ይቻላል። አብዛኞቹ ካኖኖች ግን ፎቶው ላይ ስለማይጽፉ ካሜራውን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በፕሮግራም ማየት ያስፈልጋል።

3. የሴንሰሩን ንጽሕና ፈትሹ። የብርሃን ቀዳዳውን ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ አንሱና ፎቶውን አጉሉት። አንድ ሁለት ነጥብ በጽዳት ይለቃል። በአንድ ጥግ የተሰበሰበ ብዙ ነጥብ ካለ የዲ600ን ታሪክ አስታውሱ።

4. መዝጊያውን በፍጥነት ሞክሩ። በ1/4000 ሰከንድ ሰማዩን ሃያ ሠላሳ ጊዜ በተከታታይ አንሱ። በየትኛውም ፎቶ ጠርዝ ላይ የጨለመ ክፍል ከታየ መዝጊያው ታሟል። ዲ750 ከሆነ መለያ ቁጥሩን ኒኮን ካወጣው ዝርዝር ጋር አስተያዩ፤ የትራይፖዱን ቀዳዳም እዩ።

5. ፎከሱን አረጋግጡ። አንድ ጋዜጣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ከጎን አግድም ሆናችሁ አንዱ መስመር ላይ ፎከስ አድርጉ። የጠራው ያ መስመር ሳይሆን የፊቱ ወይም የኋላው ከሆነ ካሜራውና ሌንሱ አልተስማሙም። ዲ750 ይህን የሚያስተካክልበት ሜኑ ስላለው ጥቂት ስህተት ብቻውን ለመተው ምክንያት አይሆንም።

6. ባትሪውን ጠይቁ። ዲ750 በሜኑው ውስጥ የባትሪ መረጃ የሚል ቦታ አለው፤ የባትሪውን ዕድሜ ከ0 እስከ 4 ያሳያል። 0 አዲስ ነው፣ 4 ያረጀ ነው።

7. ሁሉንም ቀዳዳ ሞክሩ። ሁለቱንም የካርድ ማስገቢያ፣ የማይኩን፣ የጆሮ ማዳመጫውን፣ የፍላሹን መሰኪያ። አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹና ድምፁን አዳምጡ።

8. ደረሰኝ ጠይቁ። ዋጋው ከገበያው በጣም ከወረደ፣ ሻጩም ከየት እንዳመጣው መናገር ካልፈለገ፣ የሌላ ሰው ሐቅ ሊሆን ይችላልና ራቁት።

በዚህ ጉዳይ ፊቅሁ ራሱ መንገድ ጠርጎልናል። ሻጭ የሚያውቀውን ዐይብ መናገር ግዴታው ነው፤ በሽያጭ ጊዜ የነበረ የተደበቀ ጉድለት ኋላ ላይ የተገኘበት ገዥም የመመለስ መብት አለው። ከዚህም ሌላ ገዥና ሻጭ «ልሞክረውና ካልሆነ ልመልስ» ብለው ቀን ቆርጠው መስማማት ይችላሉ፤ ኺያሩ ሸርጥ የሚባለው ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ጊዜው እስከ ሦስት ቀን ነው። ሦስት ቀን ለካሜራ ብዙ ነው። አፍሮ ዝም ከማለት ገና ሲጀመር በግልጽ መነጋገሩና ስምምነቱን በወረቀት ማስፈሩ ለሁለቱም ወገን ይሻላል።

ከተገዛ በኋላ

ካሜራው ቤት ከገባ በኋላ የመጀመሪያ ሥራው የሰው ኒካህ መሆን የለበትም። አንድ ሳምንት በማይጎዳ ነገር ላይ ሥሩበት። ከዐስር እስከ መግሪብ ያለውን ብርሃን፣ የመድረሳውን ክፍል በሸምበቆ መብራት፣ የሚሮጡ ሕፃናትን፣ ነጭ የለበሰ ወንድማችሁን መስኮት ሥር አንሱ። አይኤስኦውን ከ1,600 ወደ 3,200፣ ከዚያም ወደ 6,400 እያሳደጋችሁ እስከ የቱ ድረስ ምስሉ እንደሚያረካችሁ በራሳችሁ ዓይን ወስኑ። ያንን ቁጥር ጻፉት፤ ከማንኛውም ገምጋሚ ቁጥር ይበልጥ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው።

ክብደቱንም ፈትኑት። ዲ750 750 ግራም ነው ብለናል፤ የኒኮን ቀደምት 24-70 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ሌንስ ብቻውን 900 ግራም ይመዝናል። ባትሪው ሲጨመር ከ1 ኪሎ ተኩል በላይ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ከጠዋት እስከ ማታ መዋል ወረቀት ላይ እንደሚነበበው አይደለም። የሱቁ ውስጥ አምስት ደቂቃም አይነግረንም።

ሁለት የካርድ ማስገቢያ ያለው ካሜራ ከሆነ እያንዳንዱ ፎቶ ሁለቱም ላይ እንዲጻፍ አድርጉ። አንድ ማስገቢያ ብቻ ካለው በፕሮግራሙ መሐል ካርድ እየቀየራችሁ ሥሩ፤ አንዱ ቢበላሽ ሁሉም አብሮ አይሄድም። ወደ ቤት እንደገባችሁ ካርዱን ሳታጠፉ ሁለት ቦታ ገልብጡ።

በመጨረሻም የትኛውም ግምገማ የማያነሳውን አንድ ነገር እናንሳ። ካሜራችን የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ሰዎች እንዲነሱ ያልፈቀዱትን ማንሳት አይገባም። በተለይ በእህቶች በኩል ያለውን ዝግጅት ማን እንደሚያነሳ፣ ፎቶው ለማን እንደሚሰጥ፣ ገጽ ላይ ይለቀቅ አይለቀቅ ቀድሞ ከቤተሰቡ ጋር መነጋገር ይገባል። ካሜራው የተገዛበት ገንዘብ አማና እንደሆነ ሁሉ ካርዱ ውስጥ ያለው የሰው ገጽም አማና ነው።

ጠቅለል ስናደርገው፣ ግምገማ ብዙ ካሜራ ከፊታችን አንስቶ ሁለት ሦስቱን ያስቀርልናል። ከእነዚያ ውስጥ የሚሆነንን የሚነግረን የራሳችን መብራት፣ የራሳችን አዳራሽና የራሳችን ሥራ ነው። እጃችን ላይ ያለው ጤነኛ መሆኑን የሚነግረን ደግሞ ያቺ የግማሽ ሰዓት ሙከራ ናት። ሙሽራው «ተቀብያለሁ» በሚልባት ደቂቃ ካሜራችን እንደማያሳፍረን ማወቅ ያለብን ከዚያ ቀን በፊት ነው።